ከድልድዩ ሥር ያለው ሰውዬ

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬም ለቀበሌው ሳልናገር ዋልሁ። የቀበሌው ማስታወቂያ ግልጽ ነው፤ በቤቱ የውጭ አገር መጽሐፍ ያለው ሰው እስከ ዓርብ አምጥቶ ያስመዝግብ፣ ምን እንደሚልም ያስረዳ። እኔ ስድስት አለኝ። ምን እንደሚል ግን አላውቅም። እንግሊዝኛዬ የሞተር ዕቃ ስም ከመለየት አያልፍም።

ኮሚክ ይባላል፤ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር መጽሐፍ ነው። የጀልባውን ሞተር ሊተክል መጥቶ የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የተወልኝ ነው። ኃያላን ሰዎች አሉበት፤ የሚበር፣ ግንብ የሚያፈርስ። እኔና ባለቤቴ ስህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንት ዓመት ሥዕሉን እያየን ታሪኩን ከራሳችን ስናወራ ኖርን። ስምም አወጣንላቸው።

የሚበረውን አንድ ዐይናው አልነው። ሁልጊዜ በጎን ነው የሚሣለው። ስህን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ናት፤ ለአባቷ ቀለም ስትፈጭ ያደገች። «ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣል፤ አንድ ዐይን ብቻ ነው የሚሰጠው። ደጉ ግን በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያይሃል» ብላ አስተማረችኝ። በደሴቶቹ ገዳማት ግድግዳም እንደዚያው ነው። እናም በራሪውን ክፉ ነው ብለን ፈረድንበት።

የምንወደው ጭምቱ ያልነውን ነበር። በስድስቱም መጽሐፍ ዐሥራ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሁሉም ላይ ፊት ለፊት። ካባ የለውም። ከኮቱ ሁለተኛው ቁልፍ ወልቋል። መሸከም ነው የሚችለው፣ ሌላ ምንም። በስድስተኛው መጨረሻ ገጽ ድልድይ በትከሻው ደግፎ ሕዝብ በላዩ ይሻገራል። ስህን ታማ ሳለች «እስቲ የኛን ሰውዬ አምጣው» ትለኝ ነበር። ያን ገጽ ነው የምትል።

ሌሎችም አሉ፤ ከነጠላዋ ጉም የምታወጣ አሮጊት፣ ሦስት ሥዕል። ውሾች የሚታዘዙለት ቀጭን ሰው፣ ሁለት ሥዕል። ማንም የማያያቸውን ነው የምንመርጠው።

የኢምፔሪያሊስት ጽሑፍ ነው ብለው ከወሰዱብኝ ከስህን ጋር የማወራበት ነገር አይተርፈኝም። የፈራሁት እሱን ነው፤ መታሰሩ ከዚያ በኋላ ነው። ስጽፈው አፈርሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ጎረቤቴ ወይዘሪት ሮማን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ የደሴ ልጅ። መጻሕፍቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድሁላት። ስትፈታው ጮኸች።

«ውይ ጋሽ ይሄይስ! እርስዎ ኮሚክ? እኔ እኮ ዳዊትዎን ያመጡ መስሎኝ!»

«ዳዊቱም አለ፤ እሱን አስመዝግብ ያለኝ የለም» አልኋት።

አንድ ዐይናውን አሳየኋት። ዋናው ክፉ ይኸ ነው አልሁ።

«ኧረ ጋሼ! ጀግናው እኮ እሱ ነው! መጽሐፉ የተሰየመው በሱ ስም ነው።»

«ዐይኑስ?»

«የምን ዐይን?»

የስህንን ትምህርት ነገርኋት። ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ዓለም ሁሉ በራሪውን ሲወድ እርስዎ ወዛደሩን መረጡ! ሊቀመንበሩ ቢሸልምዎት እንጂ አያስርዎትም።»

እኔም ሳቅሁ። ግን ስለ ጭምቱ ስጠይቃት ጥቂት ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ሳቋን ተወችው። «አንብቤ ልጨርስና ነገ እነግርዎታለሁ» አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ሞተር ስፈታ ዋልሁ። እሱ አልከበደኝም። ከሥራ ስመለስ ሮማን በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ድልድዩን ያበላሸው ራሱ ጭምቱ ነው አለችኝ። ጠላት አስፈራርቶት በአራተኛው መጽሐፍ ብሎኖቹን ያላላል። እኛ ሲጠግን ነበር የመሰለን። እንዲያውም ስህን «እየው፣ ማንም ሳያየው ያጠብቀዋል» ትል ነበር። ኋላ ሕዝብ ሲመጣ ያይና ሮጦ ከሥር ይገባል።

«ክፉ አይበሉት ጋሼ፤ ፈሪ ነው እንጂ» አለችኝ ሮማን። ልታጽናናኝ ነው። የባሰ ነገር ተናገረችኝ።

እዚህ ልጻፈው። ስህን የታመመች ሰሞን ለሥራ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ነበርሁ። ስልክ ተደውሎ ተነግሮኛል። ጀልባው ሰኞ ሲመለስ አብሬ መምጣት እችል ነበር። አንዱን ሞተር ልፈትሽ ብዬ እስከ ሐሙስ ቀረሁ። ሞተሩ ደኅና ነበር። ስታቃስት መስማት ፈርቼ ነው። ሦስቱን ቀን ብቻዋን ተኛች። ከመጣሁ በኋላ እስክታርፍ ድረስ በየቀኑ አዝዬ ፀሐይ አወጣኋት፣ አዝዬ አስገባኋት። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ባል!» አለ። የጎርጎራውን አልነገርኋቸውም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

የንስሐ አባቴ አባ ኪሮስ ለጽዮን በዓል ከደሴቱ በታንኳ መጡ። ከሐይቁ ዳር ተቀብዬ ጓዛቸውን ያዝሁላቸው። በዙሪያ ጥምጥም ጀመርሁ።

«አባቴ፣ ክፉ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ሲሣል ስንት ዐይን ይሰጡታል?»

«የሠዓሊ ልጅ አግብተህ ኖረህ ይህን እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። «ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ስንቱ ዐይን ይታያል?»

ግድግዳውን በልቤ አየሁት። «ሁለቱም።»

«ወንበዴ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እንግዲህ» አሉ።

ስህን ፊደሉን ሳትቆጥር ጭምቱን በትክክል ነው ያነበበችው። ከዚያ የጎርጎራውን ነገርኋቸው፣ ቆሜ፣ ጓዛቸውን እንደያዝሁ። አልተቆጡም። ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴን አዩና ቀነሱልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ስድስቱንም ከሮማን ተቀብዬ ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሴ ድሮ አናጺ ነበር።

«ይኸ የሚበረው ማን ነው?»

«ጀግናው ነው አሉ። እኔ አልወደውም።»

ጸሐፊው ሳቀ። ደምሴ አልሳቀም። የድልድዩን ገጽ አውጥቼ ታሪኩን ከብሎኑ ጀምሬ ነገርኋቸው። ጸሐፊው መጻፍ አቆመ።

«ታዲያስ? ወጣ?» አለ ደምሴ።

«መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።»

«እንዴት ያበቃል! ሰውዬውን ከሥር ትተውት?» የጻፍሁት እኔ ይመስል ተቆጣኝ። ደግሞ ጸሐፊውን አየት አደረገና ድምፁን አስተካከለ። «በሉ ይመዝገብ። ከላይ የሚመጡ ሰዎች ያዩታል።»

ስድስት ተብሎ ተጻፈ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ከጽዮን ቅዳሴ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤቴ ስመለስ የዓባይ ድልድይ ላይ ደምሴ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ዙሪያውን አይቶ «እንኳን አደረስዎ» አለኝ፣ በቀስታ። ትንሽ አብረን ሄድን።

«ጋሽ ይሄይስ፣ ያ ሰውዬ አሁንም ከሥር ነው?»

«አሁንም ከሥር ነው።»

«ጸሐፊው ቁጥር ተሳስቷል። አምስት ናቸው ብለን አርመናል። አንዱን ትናንት ማታ ሮማን ዘንድ ትቼዋለሁ።» ይህን ብሎኝ ቀድሞኝ አለፈ።

የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ የድልድዩ ጥበቃዎች ቅርብ ነበሩ። የሮማን በር ተቆልፏል። መሠረተ ትምህርት ልታስተምር መርዓዊ ሄዳለች፤ የምትመለሰው ሰኞ ነው።

ስግደቴን ጨረስሁ፤ ጉልበቴ አብጧል። ያለ መጽሐፉ ከስህን ጋር የማወራው ያልቅብኛል ብዬ ነበር። ዛሬ የጎርጎራውን ነገርኋት። ሞተሩ ደኅና ነበር አልኋት።