ያላጨበጨብኩለት ደንብ

ውድ ወንድሜ ገቢሳ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔም ሰፈሬ ቂርቆስም እንደምታውቀን ነን።

መንደሩን ወክለህ ስለ ወተት ሽያጩ ደንብ እንድትናገር የተጠራህበት ስብሰባ ካዛንቺስ ተካሄደ። በር ላይ ስጠብቅህ ቆይቼ፣ ስምህ የተለጠፈበት ወንበር ባዶውን ሲቀር ገብቼ ተቀመጥኩበት። ሰብሳቢው ረቂቁን አንብበው ሲጨርሱ፣ «አርሶ አደሩም ተስማምቷል፤ በጭብጨባ እናጽድቀው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«እናታችን፣ እጅዎን አመመዎት እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ።

ብድግ አልኩ። «እጄስ ደህና ነው። አርሶ አደሩ ግን ገና አልተናገረም፤ ወንድሜ መንገድ ላይ ነው።»

ከዚያም አልተቀመጥኩም። ከኋላ አንዲት ወተት ነጋዴ፣ «እውነቷን ነው! እኛንስ ማን ጠየቀን?» ብላ ተነሳች። ጫጫታ ሆነ። በመጨረሻ ደንቡ ሳይጸድቅ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ።

ስምህን ከወንበሩ ላይ ማንም እንዳያነሳው ነግሬያቸው ወጣሁ። ስልክህ አሁንም አይጠራም፤ ኔትወርኩ ይሆናል። አልጋህን አንጥፌልሃለሁ። ይህን ለሚያደርስልህ ለሹፌሩ ለኢብሳ መልስ ስጠው። «ደህና ነው» ብሎ በቃሉ እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ በራስህ እጅ ጻፍልኝ።

ወንበርህን ለማንም የማትለቅ እህትህ፣
ጃለኔ