ያልተቀመቀመው አረንጓዴ ቀሚስ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ እማ? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ሲነሳብሽ ምሳ የሚያስተውሽ ሆድሽስ? አለቃችን እንዴት ናት፣ አሁንም ከታላቅ እህትነት አልፋ ቤቱን እንደ መሥሪያ ቤት ታስተዳድረዋለች? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን አንድ ቦታ ተቀምጫለሁ ማለቴ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት መብራት የሚያመላልሰው መኪና ኋላ ላይ፣ በቀረፃ ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ነው። መሀል ላይ ጽሑፌ ተንጋዶ ካየሽ ጠርተውኝ ሮጬ ተመልሼ ነው ብለሽ እለፊው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ስልኩ የአለቃችን፣ መልሱም የአለቃችን ነው። አንቺን ስጠይቃት ተኝታለች፣ ጎረቤት ወጣ ብላለች፣ ድምፅዋ ዘግቷል ትለኛለች። በየእሁዱ የምትልኩልኝ ቪዲዮ ባይኖር ኖሮ መልክሽንም እረሳው ነበር። ወረቀት ግን ቀጥታ እጅሽ ይገባል። ደግሞ ቂም አለኝ፤ እዚህ በተከፈለኝ በመጀመሪያው ብር ገዝቼ የላክሁልሽን ሰማያዊ ስካርፍ እስካሁን አልለበስሽውም። ስትመጪ ነው የምለብሰው ብለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ሸሽገሽዋል አሉ። ለእኔ ሲሆን ነው አንቺ የምትቆጥቢው።

የመጀመሪያ ቀኔን በስልክ ስነግርሽ አሳጥሬው ነበር፤ ሙሉውን ስሚ። የፊልም ትምህርት ቤቱ ለልምምድ ሲልከኝ የተነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ ዝም ብለሽ ተመልከቺ፣ ምንም እንዳትነኪ። ዝም ብዬ መመልከት እንዴት እንደሚሆንልኝ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ቀረፃው የሚካሄደው በተከራዩት አሮጌ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ይጣላሉ። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ ሻይ፣ የተቆረሰ ዳቦ፣ ፍርፋሪ፣ የፈሰሰ ማር አለ። ሁሉም ለምሳ ሲወጡ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የቆሸሸ ዕቃ ፊትሽ እያለ እግርሽን ዘርግተሽ አትቀመጪ እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ? እጅጌዬን ሰበሰብኩና ብርጭቆዎቹን አጠብኩ፣ ፍርፋሪውን ጠረግኩ፣ ማሩን ወለወልኩ፣ የጠረጴዛ ልብሱን ሳይቀር ውጭ አራግፌ መልሼ አነጠፍኩት። ከዚያ ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

የዕቃ ኃላፊው ገና ከበሩ ሲገባ ደርቆ ቀረ። ዳይሬክተሩ አንድም ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው ነው፤ ማነው ይሄንን... አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ለካ የጠቡ ግማሽ ገና አልተቀረፀም። ጠዋት ሚስትየዋ ስትጮህ ጠረጴዛው የተዝረከረከ ነበር፤ ከሰዓት ባልየው መልስ ሲሰጣት ጠረጴዛው እንደ ሆስፒታል አልጋ ሊያበራ ነው። ቆመሽ አልቅሺ ቢሉኝ ዝግጁ ነበርኩ። ያተረፉኝ አንዲት ሴትዮ ናቸው።

አራት ዓይና ይሏቸዋል፤ አንዱ መነጽር አፍንጫቸው ላይ፣ ሌላው አናታቸው ላይ ስለማይጠፋ። ሥራቸው ኮንቲኒዩቲ ይባላል። ዛሬ የሚቀረፀው ትናንት ከተቀረፀው ጋር እንዲገጥም መጠበቅ ነው፤ ቁልፉ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተዘግቶ፣ ሻዩ የት ድረስ ነበር፣ ፀጉሯ በየትኛው ትከሻዋ ላይ ነበር። አተኩረው አዩኝና ያጠብሽውን ሁሉ መልሺው አሉኝ። አንቺ ስትጨነቂ ጨርቅ እንደምትቆርጪው ሁሉ እኔም ስጨነቅ እጄ ያውቃል። ብርጭቆውን ካነሳሁበት አኖርኩት፣ ሻዩን ቀዳሁበት፣ ማሩን በፈሰሰበት በኩል አፈሰስኩት፣ ዳቦ ፈርፍሬ በተንኩ። ጠዋት ካነሱት ፎቶ ጋር አስተያዩት። አንድ የጎደለ ማንኪያ ብቻ ነበር፤ እሱም ኪሴ ውስጥ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ረዳት ነኝ።

ጠሩኝ። መጣሁ።

ተመለስኩ። ዋናው ተዋናይ ዓይኔን ማየት አይፈልግም፤ ትናንት ሻዩን የጠጣኸው ሂጂ ስትል ነው፣ ዛሬ ተመለሺ ስትል ጠጣህ ስላልኩት። አሥር ሰው ፊት ነው ያልኩት፣ ምላሴ አያርፍም። አራት ዓይና በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና እውነቱን ለእኔ ነው የምትነግሪው፣ እኔ አስተካክዬ እነግረዋለሁ አሉኝ። የፊልሙ ኃላፊ ግን ወዶኛል መሰለኝ። እስከ መጨረሻው ቀን ከቆየሽ ስምሽ ፊልሙ ላይ ይወጣል አለኝ። ያኔ ይህን በስልክ ስነግርሽ እንደ ሕፃን ጮኸሽ አልነበር? ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲወጣ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስምሽ ሲያልፍ አየዋለሁ አልሽኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም አልሽኝ። እየተመላለሰ የሚያቃጥለኝ ይሄ ቃልሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት ፈርቼ ነው።

ሰሞኑን የቀረፅነው አንዲት እናት የታሰረ ልጇን ልትጠይቅ ስትመላለስ ነው። በታሪኩ ወራት ያልፋሉ፤ እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ጠዋት ጨረስነው። ተዋናይዋ ካፖርት ትቀይራለች፣ ፀጉሯን ትፈታለች፣ ታስራለች፣ መብራት ሠራተኞቹ በመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ ወዲያና ወዲህ ያደርጋሉ፣ እና ወራት ያልፋሉ። አራት ዓይና ጎናቸው አስቀምጠውኝ፣ ሴትየዋን ተያት፣ ከጀርባዋ ያለውን እዪ፣ ሰው ልብሱን መቀየር ያስታውስና ክፍሉን ይረሳል አሉኝ። እኔም ጠዋቱን ሙሉ ሰው ሳይሆን ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

ለምሳ ስንወጣ የእሁዱ መልእክትሽ ስልኬ ላይ ነበር። ቢጫውን ስካርፍ ለብሰሻል። ከስፌት መኪናሽ ጎን ተቀምጠሽ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ደግሞ ሥራሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ ትያለሽ። ሳቅሽን ለመስማት ነበር የከፈትኩት። ዓይኔ ግን ጠዋት የለመደውን አደረገ፤ ከጀርባሽ ያለውን አየ።

መኪናው ላይ አረንጓዴ ቀሚስ አለ። ቅምቅማቱ እስከ ግማሽ ተሰፍቷል፣ ግማሹ በስፒል ተይዟል፣ አንዷ ስፒል ጠማማ ናት። መቀሱ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ያለፈውን እሁድ መልእክት ከፈትኩ። ቀይ ስካርፍ ለብሰሻል፣ ያው ቀሚስ፣ ያቺው ጠማማ ስፒል። ከዚያ በፊት ያለውን ከፈትኩ። ባለመስመሩ ስካርፍ፣ ያው ቀሚስ፣ አፉን የከፈተው መቀስ። በዚያኛው ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ዋለ ትያለሽ፤ የቁም ሳጥኑ እጀታ ላይ ግን ፀሐይ አርፎበታል፣ በሁሉም ላይ እዚያው እጀታ ላይ።

መጀመሪያ ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው። ምን የመሰለች ተዋናይ ናት እናቴ አልኩ። ቀጥሎ ቀሚሱን ደግሜ አየሁት። አንቺ ያላለቀ ልብስ መኪና ላይ አሳድረሽ አታውቂም። ሙሽራ ስታጣድፍሽም፣ እኛ ስንታመምም፣ ስፒል ያለበት ልብስ ቤቴ ውስጥ አያድርም፣ ሰው ይወጋል ትዪ ነበር። ያ ቀሚስ ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ስፒሉን ይዞ ቆሟል። ወይም ደግሞ ሳምንት አላለፈም፣ አንድ ቀን ነው።

አንዴ ካየሁት በኋላ የማላየው ነገር አልቀረም። በሁሉም ላይ ግራ እጅሽ የመኪናውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል፣ አንዴም አይለቀውም። በመጨረሻ ላይ፣ ቪዲዮው ሊቋረጥ ሲል፣ ዓይንሽ ከካሜራው ወደ ጎን ይሄዳል። ያንን እይታ እዚህ በየቀኑ አየዋለሁ እማ። ተዋንያን ሲጨርሱ ዳይሬክተሩን የሚያዩት እንደዚያ ነው፤ ጥሩ ነበር? ወይስ እንድገመው? አለቃችንን ነበር የጠየቅሻት።

ወዲያው ደወልኩላት። እናቴን አቅርቢልኝ አልኳት። ተኝታለች አለችኝ። አረንጓዴው ቀሚስ የማን ነው አልኳት። የቱ ቀሚስ አለችኝ። መኪናው ላይ ያለው፣ ቅምቅማቱ ያላለቀው፣ መቼ ነው የምትጨርሰው አልኳት። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። እሷ ስታለቅስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እሷን እንዳትቆጪያት። አንድ ቃል አልነገረችኝም፣ ቃሏን ጠብቃልሻለች።

ምናልባት እኔ ነኝ እብድ ብዬ ከሰዓት ቪዲዮዎቹን ለአራት ዓይና አሳየኋቸው። የማን እንደሆኑ አልነገርኳቸውም፤ በተለያየ ቀን የተቀረፁ ናቸው ወይ ብቻ አልኳቸው። ድምፁን ዘግተው አዩና፣ አንድ ቀን ነው፣ ምናልባትም አንድ ሰዓት፣ ስካርፉን የቀያየረው ሰው ጎበዝ ነው፣ ጨርቁን ከመኪናው ላይ ማንሳት ረሱ እንጂ አሉ። ቀጥለው ሴትየዋ በደንብ ተጫውታለች፣ ግን ታማለች፣ ማን ናት ተዋናይዋ አሉኝ። እናቴ ናት አልኳቸው።

ሁለቱንም መነጽር አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ብዙ አልተናገሩም። ከሄድሽ ቦታሽን ለሌላ ይሰጡታል፣ ስምሽም አይወጣም፣ እኔ ላስቀርልሽ አልችልም፣ እወቂው አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ አሉኝ።

ስለዚህ እማ፣ ስምሽ ሲያልፍ አየዋለሁ ያልሽው በዚህ ፊልም አይሆንም። በሌላ ይሆናል። አልሆን ካለም ይቅር። ያን ቀን ቀና ብለሽ መቀመጥ ስለቻልሽ፣ ሁሉንም እሁዶች በአንዴ ተቀምጠሽ እንደጨረስሽልኝ ገብቶኛል። እኔ ሳልጨነቅ ሥራዬን እንድጨርስ ብለሽ ነው። አልተቆጣሁሽም ብልሽ ውሸቴን ነው፤ ተቆጥቻለሁ። ደግሞ እንዳንቺ የሚወደኝ ሰው እንደሌለ አውቄያለሁ። ሁለቱም አብረው ደረቴ ውስጥ ስለሚራገጡ መቀመጥ አቅቶኝ ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው።

ደብዳቤው በጠዋቱ አውቶቡስ ሾፌር እጅ ይቀድመኛል። እኔ ፎቶዎቹንና የዕቃውን ቦታ ለሚተካኝ ሰው አሳይቼ በከሰዓቱ እከተላለሁ። አለቃችን እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ ቤቱን እንዳታገላብጠው። መኪናውንም እንዳትነኩት። ቀሚሱ እንዳለ ይቆየኝ፣ ጠማማዋ ስፒልም እዚያው ትሁን። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እቀመቅመዋለሁ፤ ስፌቴ ቢንጋደድ አንቺ ከአልጋሽ ሆነሽ ትስቂብኛለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ላብቃ። ስካርፎችሽን ቆጠርኳቸው። ያለሽን ሁሉ ለብሰሻል፤ ለእኔ ስትዪ ቢጫውንም፣ ቀዩንም፣ ያንን የምትጠዪውን ቡናማውንም ሳይቀር አውጥተሻል። ሰማያዊው ግን በአንዱም ላይ የለም። እንዳትመጪ፣ እንዳትመጪ እያልሽ በየእሁዱ ስትምዪብኝ እሱን ግን አላወጣሽውም። ያን ሳይ ነው ሻንጣዬን ያነሳሁት።

አምላክ ጤናሽን ይመልስልኝ፣ ህመሙን ያቅልልሽ፣ ለአለቃችንም ትከሻ ይስጣት። እኔን ደግሞ መንገዱን ያሳጥርልኝ።

ሰማያዊውን አስወጪውና ልበሺው።

ዕቃ አጣቢዋ፣ ታናሿ ልጅሽ