የታደሰ ማጓጓዣ

ኅዳር 5 ቀን 1987፣ ሰኞ ማታ

ዛሬም ውሃ የለም። ደብተር አርሜ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ገባሁ። ባሌ ታደሰ የወደብ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። ያቀዘቅዘኛል ይላል። በቀኝ ጎኑ እጁን ጭኖ ሬዲዮ ያዳምጣል። እራት አልበላም። አፉ ከተከፈተ የማይዘጋ ሰው ነበር፣ ዛሬ አንዲት ቀልድ አልወጣውም።

ደግሞ ከመ/ቤቱ ለታደሰ ደብዳቤ መጣ። ከአ.አ. በአውሮፕላን! አሰብ የሌላ አገር ሆናለችና እዚያ ያሉ ሠራተኞች ከእንግዲህ «በውጭ አገር የሚኖሩ» ስለሆኑ የመ/ቤቱ ሕክምና አይመለከታቸውም። የውጭ ነዋሪ የጤና መድን ይግቡ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይስጡ።

ሰማሽ ማስታወሻዬ? ውጭ አገር ሄድኩልሽ። ያውም ከአልጋዬ ሳልወርድ። ሰው ውጭ ሲሄድ ሻንጣ ይገዛል፣ ዘመድ አልቅሶ ይሸኘዋል። እኛ እዚሁ ቤት ቁጭ ባልንበት በደብዳቤ ሄድን። ሳቄ መጣ፣ ዋጋውን እስካይ ድረስ። የዓመቱ ክፍያ ለአንድ ሰው ከታደሰ የሦስት ወር ደመወዝ ይበልጣል። ለሁለታችን ከሆነ ደግሞ ያው ሁለት እጥፍ። ወረቀቱን አጣጥፌ ከዓይኔ አራቅሁት።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ ፊቱን ሲላጭ አየሁት። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ሥራ እሄዳለሁ አለ። አትሄድም አልኩ። ተጣላን። በታክሲ ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

የሐሞት ጠጠር። መተላለፊያውን ዘግቶታል። ዶ/ሩ ደህና ሰው ነው፣ አልሸሸገም፦ በቶሎ ካልወጣ ሰውነቱን ይመርዘዋል፣ ለዚህ ቀዶ ጥገና የሚሆን መሣሪያ እዚህ የለም፣ በዚህ ሳምንት አ.አ. መግባት አለበት። ታደሰ እንዳልሰማ ሆኖ ስለ ወደቡ ክሬን ያወራዋል። እኔ ግን ሰምቻለሁ። 

ከሰዓት የኢንሹራንሱ ወኪል ዘንድ ሄድኩ። ከረባት ያሰረ፣ ጨዋ ልጅ። ወንበር ሰጠኝ፣ ማራገቢያውን ወደኔ አዞረልኝ። ከዚያ ነገረኝ፦ ከውሉ በፊት የጀመረ ሕመም አይሸፈንም። ዓመቱን ሙሉ ብንከፍልም የታደሰ ጠጠር የታደሰ ነው። ታዲያ የታመመውን ትታችሁ የማንን ጤና ልትጠብቁ ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ። እሱ ምን ያድርግ፣ ደንቡን አላወጣው። አልፈረምኩም፣ እምቢም አላልኩም። እንዲሁ ወጣሁ።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ያለንን ቆጠርን፣ ለሐኪሙም ለትኬቱም አይደርስም። ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄድኩ። የዕድራችን ዳኛ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የፈጨ ሽማግሌ። የኛ ዕድር እንደ ሌላው አይደለም። እዚህ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ትልቁ ስጋቱ ከዘመዶቹ ርቆ መቀበር ስለሆነ፣ ዕድሩ «ማጓጓዣ» የሚባል ገንዘብ ያስቀምጣል። አባል ሲሞት ሬሳው በመኪና እስከ ትውልድ አገሩ ይሸኝበታል። ለሌላ ለምንም አይነካም።

ጋሽ ንጉሤ ገና ሳልጨርስ ራሱን ነቀነቀ። ዕድር በእግሩ ለቆመ ሰው አይከፍልም፣ ሟርት ነው ልጄ፣ በሰው ላይ ሞት መጥራት ነው አለኝ። ያን ጊዜ ነገር ዓለሙ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ ሬሳውን ለመላክ የምታወጡትን አሁን ስጡኝና ነፍሱ ሳትወጣ ልላከው። መንገዱ እንደሆነ አንድ ነው!»

 ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። እሱ ኮቱን ከወንበሩ አነሳ፦

«አንቺ ሴት፣ ይሄ አፍሽ ሰው ይገድል ነበር። ዛሬስ ሳያድን አይቀርም።»

ማታውኑ ኮሚቴውን ሰበሰበ። ተፈቀደ! ደንቡ ውስጥ ሌላ አንቀጽ ስለሌለ «የታደሰ ማጓጓዣ» ተብሎ ወጣ። ለአባላቱ በወሩ ስብሰባ እንገልጻለን፣ እስከዚያ ዝም በሉ ተባለ። ዝም ነው እንግዲህ።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ሄደ። ገንዘቡ ለሐኪሙና ለአንድ ሰው ትኬት ብቻ ነው፣ እዚያ እህቱ ትቀበለዋለች። ጎረቤታችን ለተብርሃን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አብራን መጣች። የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ትከሻዬን ይዛ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ ትለኛለች። ታደሰ ደረጃው ላይ ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘ። ሱሪው ሰፍቶታል። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የከሳው?

ኅዳር 12፣ ሰኞ። ሚካኤል።

ቅዳሜ እህቱ በስልክ እንደነገረችኝ ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነው። ተሳልኩ። ምን እንደተሳልኩ አልጽፍም።

ቴሌ ሄድኩ። መስመር ተበላሽቷል።

ኅዳር 13

መስመር የለም። ትናንት ያጠብኩትን አንሶላ ዛሬ ደግሜ አጠብኩት።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

 በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከት/ቤት እየመጣሁ ነው። ቀደም ብሎ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ጥሩምባ ሰምቻለሁ። ማን ይሆን፣ ነፍስ ይማር ብዬ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ ድንኳን አየሁ። እኛ በር ላይ። ወንዶች ገመድ ይወጥራሉ፣ አግዳሚ ይደረድራሉ። ለተብርሃን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ወደኔ ትሮጣለች። ስሙን ትጠራለች። የታደሰን ስም።

ደብተሮቹ ከእጄ ወደቁ። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ነበርኩ። ሴቶች ያዙኝ። አላለቀስኩም። የማስበው ሱሪውን ብቻ ነው፣ ሱሪው ሰፍቶት ነበር፣ ሱሪው ሰፍቶት ነበር።

ጋሽ ንጉሤ በታክሲ ደረሰ። በሩን ሳይዘጋ ይጮኻል። ማን ነው የሞተው? ማን ነገራችሁ? ሁሉም ወደ ጥሩምባ ነፊያችን ዞረ። ምስኪኑ ክው አለ። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የታደሰ ማጓጓዣ ወጥቷል ሲሉ ሰማ። ማጓጓዣ ለሬሳ እንጂ ለሌላ ወጥቶ ያውቃል? አያውቅም። ስለዚህ ጥሩምባውን አንስቶ ነፋ። ማን ይፈርድበታል?

ጋሽ ንጉሤ ሊሰድበው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ገባኝ። እሱም አያውቅም። በሕይወት መኖሩን ማናችንም አናውቅም፣ መስመር ከተቋረጠ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እጄን ይዞ ታክሲው ውስጥ አስገባኝ። ለቀስተኛው እስከ ቴሌ በእግሩ ተከተለን።

መስመሩ ተሠርቷል። እህቱ የነገረችኝን የሆስፒታሉን ቁጥር ሰጠሁ። ነርሷ አነሳች። ስሙን ነገርኳት። ቆይ አለችኝ። ቆይ! ከዚያ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ሃሎ አለ።

ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣው። ሃሎ ማለት አቃተኝ። እሱ ደግሞ ደነገጠ።

«ስንዱ? ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«አንተ» አልኩት።

 እሱም፦ «ሰው መጣ?»

ብዙ ሰው መጥቷል፣ በሩ ላይ ድንኳን አለ ስለው መሳቅ ጀመረ። ወዲያው ደግሞ አታስቂኝ፣ ስፌቱ፣ ስፌቱ ይላል። ጠጠሩን አውጥተውለታል። ዓይኑም እየጠራ ነው አለ። በመስታወቱ ማዶ ለቀስተኛው ፊቴን ያነባል። አውራ ጣቴን ወደ ላይ አነሳሁ። እልልታው የቴሌን ጣሪያ ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ሺህ ጊዜ ተመስገን።

ድንኳኑ እስካሁን አልፈረሰም። ንፍሮው አንዴ ተቀቅሏል፣ ታዲያ ሊጣል ነው? ተቀምጠው እየበሉ ነው። ታክሲ ነጂው ሳይቀር አልሐምዱሊላህ እያለ ይዘግናል።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ስብሰባ ነበር። ኮሚቴው ለምን ደበቃችሁን ተብሎ ልኩን አገኘ። ጋሽ ንጉሤ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ የታደሰ ንፍሮ አስቀድሞ ስለተበላ እንደ አዲስ አባል ይመዝገብ ብሎ ቀለደ። ደንቡ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ የታመመ አባል በሕይወት ሳለ ይላካል። አንዳንዱ አጉረመረመ። በአንድ ወር ሁለት ሰው ቢታመምስ? እውነት ነው፣ ገንዘቡ አይበቃም። እኔም ለድጋፍ እጄን ሳወጣ ይህን አውቃለሁ።

ለተብርሃን ከኋላ ተነስታ እኔንስ ትቀበሉኛላችሁ ወይ አለች። አንዱ እናንተ እዚሁ ትቀበራላችሁ፣ ማጓጓዣ ምን ያደርግልሻል አላት። ማጓጓዣው ይቅርብኝ፣ እኔ የምፈልገው ሰውን ነው አለች። ያጉረመርሙ የነበሩትም ጭምር አጨበጨቡላት።

ለመ/ቤቱ መልስ ጻፍኩ። ኢንሹራንሱን አንገባም፣ አንችለውም። ሁለት መስመር ብቻ። ከፈረምኩ በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ታደሰ አሥር ቀን ያህል ልቆይ ነው ይላል፣ ለቁጥጥር። ለኢንሹራንሱ መጀመሪያ ክፍያ ይሆናል ብዬ ሰሞኑን ከተከፈለኝ ደመወዝ ያስቀመጥኩት አለ። ለአንድ ሰው ትኬት ይበቃል። ሰኞ ርዕሰ መምህሩን ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ባይፈቅድም እሄዳለሁ። ድምፁን ሰምቻለሁ፣ አልበቃኝም። በዓይኔ ልየው።