ላፕቶፑን ባና አታልብሺው

ጽናት፣

ድሮ ከደብረ ብርሃን ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ልጆች ከኋላዬ ያወሩ ነበር። አንዱ «ላፕቶፕ ተኝቷል ብለህ ቦርሳ ውስጥ ስትከተው እኮ ውስጡ ይሠራል፣ ይግላል» አለ። ሌላው «እንዳንተ ነዋ፣ ተኝተህም ታወራለህ» አለው። የቀረውን ረስቼዋለሁ።

ያንቺም ላፕቶፕ ሌሊት እየጠፋ ጽሑፍሽን የሚያስቀርብሽ ከድነሽ በእናትሽ የሱፍ ባና ስትጠቀልይው ነው። ብርዱን ፈርተሽለት ነው፣ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ትናንት ከድነሽው ስትተኚ ባናውን ቀስ ብዬ አነሣሁለት። ጠዋት ስትከፍቺው የመመረቂያ ጽሑፍሽ እንዳለ ነበር። «ዛሬስ ማርያም ሰማችኝ» አልሽ። እሷም ሰምታሻለች።

ከእንግዲህ ጽፈሽ ስትጨርሺ ሴቭ አድርጊና ጭራሽ አጥፊው። ባናውን አንቺው ልበሺው።

«ላፕቶፔን ያበላሸው የእትዬ እፀገነት ካውያ ነው፣ መብራቱን ያናውጣል» ብለሽ ለአከራያችን ስትነግሪ ሰምቻለሁ።

ሳላስፈቅድሽ ዕቃሽን መንካቴን ይቅር በይኝ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። እግዜር ትምህርትሽን ያስፈጽምሽ።

ወንድሜ አፈወርቅ «ዓለም ከተማ መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ» ሲለኝ ከርሟል። ዛሬ ጠዋት ደውዬ እሺ አልኩት።

እፀገነት