ለጓደኛዬ ልንገር ወይስ ለቢሮው?

ጥር 7

ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ሳነብ ዋልኩ። የኩላሊት ሕሙማን ማኅበር፣ በፋብሪካ ጢስ ሳምባቸው የተጎዳ ሠራተኞች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች እናቶች… ሁሉም እውነት፣ ሁሉም ጊዜ የማይሰጥ። ጥቂቱን መርጦ ለቀረው «እናዝናለን» ብሎ መጻፍ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ድጋፍ የምንሰጣቸው የማኅበራት መሪዎች ለስብሰባ መጥተው ነበር። ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ አንድ ቀልድ ጣል አደረግኩ። ሁሉም ሳቁ። የፕሮግራም ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ቀልደኛ ሆኛለሁ… ድሮ እማዬ «እሱን ለጠላትሽ ንገሪው» ነበር የምትለኝ። ቁንዶ ደግሞ ፊቷን ክርችም አድርጋ ታየኝ ነበር።

ቁንዶ የነርስነት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። አንድ መኝታ ክፍል ነበርን። አጭር፣ ጠይም፣ አፏ የሚያቃጥል… ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እሷም ብድሯን ስትመልስ «ቀጭኔ» አለችኝ። አሁን የእስረኛ እናቶችን ማኅበር የምትመራው እሷ ናት። ገንዘቡ ከእኛ ነው። ማለትም… በእኔ በኩል።

ዛሬ ግን ቁንዶም ሳቀች።

ቀልዱ እኮ አያስቅም። ታዲያ ለምን ሳቀች?

ጥር 15

የቁንዶን ሥራ ለማየት ሆስፒታል ሄድኩ።

አዋላጅ ሆና እዚሁ ስትሠራ ነው ነገሩ የጀመረው። አንዲት እስረኛ እግሯ ከአልጋው ብረት ጋር በሰንሰለት ታስሮ ስታምጥ አየች። ኃላፊው ቢሮ ገብታ ጮኸች። ሰሚ ስታጣ ሥራዋን ጥላ ወጣች፤ ጠበቃ ፈለገች፣ ማኅበር አቋቋመች። ዛሬ በዚህ ሆስፒታል ታስራ የምትወልድ ሴት የለችም።

ምጥ የያዛት አንዲት ልጅ እግር ነበረች። ጠባቂው ከበር ውጭ ካቴናውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያንጎላጃል። ልጅቷ የቁንዶን እጅ ጨምቃ ይዛለች። ድንገት የቁንዶ ፊት አመድ መሰለ። ምክትሏ ሳትጠራ መጣች፤ እጇን በቁንዶ እጅ ተካች። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ይህች ምክትል ራሷ ታስራ የወለደች ናት። ዝም ያለች፣ ዓይኗ ግን ሁሉ ቦታ ያለ።

ስንወርድ ቁንዶ ደረጃው መሃል ቆመች።

«ምነው?»

«ደረጃው እየበዛ ነው። በየዓመቱ አንድ አንድ ይጨምሩበታል መሰለኝ።»

«ከስተሻል እኮ።»

«ስኳር ትቼ ነው። አንቺም ብትተዪ አይከፋም ነበር… ቀጭኔነትሽ እየቀረ ነው።»

ሳቅን። ወዲያው የሆስፒታሉ ሰዎች ሲመጡ ግን «በዚህ በኩል ይለፉ» አለችኝ። «እርስዎ» ማለቷ ለሰው ፊት ነው፣ ይገባኛል። ድሮ ግን ብቻችንን ስንቀር «አንቱታው አደከመኝ» ብላ ትሳደብ ነበር። ዛሬ አልተሳደበችም።

የካቲት 2

እማዬ ዛሬም ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ወጣች።

«ወዴት?»

«ሰው ልጠይቅ።»

«ማንን?»

«የታመመ ነዋ! ጤነኛ ይጠየቃል እንዴ?»

ከእናቴ ጋር መከራከር… ተውኩት።

የካቲት 11

አለቃዬ የቁንዶን ማኅበር ጉዳይ ከፍቶ ጠበቀኝ። ድጋፉ ለሦስት ዓመት እንዲታደስ ነው ያቀረብኩት።

«ሥራው ግሩም ነው» አለ። «ቦርዱ የሚጠይቅሽ ግን አንድ ነገር ነው። ሴትዮዋ አንድ ነገር ብትሆን ማኅበሩ ይቆማል?»

«ብርቱ ናት» አልኩ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አምና የዓይነ ስውራን ማኅበር መስራቹ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ አልጋ ያዘ። የእኛ መሥሪያ ቤት «የአመራር ስጋት» ብሎ ድጋፉን አቆመ። ማኅበሩ በሦስተኛው ወር ተዘጋ። ወሬው ያልደረሰው ማኅበር የለም።

«ብርቱ ናት» ስል ያ ደረጃ ትዝ አለኝ። ግን ሰው ደረጃ ላይ ቢያርፍ ምን አለበት? እኔስ አላርፍም?

የካቲት 24

ቦርዱ አጸደቀ! ሦስቱንም ዓመት። ሁለቱም ወገን ፈረሙ። እሷ ፊርማዋን በምክትሏ እጅ ልካ ነበር።

እኔው ራሴ ልንገራት ብዬ ደወልኩ።

«አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«ሊለውጡት አይችሉም?»

«ኧረ ምን ሆነሻል? እልል በይ እንጂ!»

ከዚያ… አለቀሰች። ቁንዶ ስታለቅስ የሰማሁበት ቀን የለም። አባቷ ሲሞት እንኳ ጥርሷን ነክሳ ነው የቀበረችው።

«ነገ ቤት ነይ» አለችኝ። «ብቻሽን። ቀጭኔ ሆነሽ ነይ።»

የካቲት 25

መጻፍ አልቻልኩም።

ቁንዶ ታማለች። ካንሰሩ ከጡቷ ተነስቶ ጉበቷ ደርሷል።

እማዬ ታውቅ ነበር።

የካቲት 26

ትናንት የቁንዶን በር የከፈተችልኝ እናቴ ናት። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። ተሳሳትኩ እንዴ፣ የራሴ ቤት ነው እንዴ የመጣሁት ብዬ ሁሉ ነበር። ወደ ውስጥ ዞር አለችና «መጣች» አለች።

ቁንዶ አልጋው ላይ በሦስት ትራስ ተደግፋ። ሻሿን አውልቃለች። ጸጉር የለም። እንደዚያ ትንሽ መሆን ይቻላል? ድሮም ትንሽ ነበረች፤ ይሄ ግን…

«አምና ነው ያወቅኩት» አለች። «እንዲለቀኝ ከበሽታው ጋር ተነጋግረን ነበር፤ እሱ እምቢ አለ።»

እንድስቅላት መጠበቋ ነው። አልሳቅኩም። ጮህኩባት። የታመመ ሰው ላይ ጮህኩ።

«ለእናቴ ነግረሽ ለእኔ ትደብቂያለሽ? እኔ ማንሽ ነኝ?»

«እሱን ነው እኔም ስጠይቅ የከረምኩት» አለች። «ለማን ልንገር? ለጓደኛዬ ወይስ ለቢሮው? ለጓደኛዬ ብነግር ቢሮው ይሰማል።»

«አልጽፈውም ነበር።»

«ባትጽፊው ትዋሺያለሽ። ብትጽፊው እንደዚያች ያለች ልጅ ነገ ታስራ ትወልዳለች። ወይ ትዋሺልኝ፣ ወይ ታስቆሚኝ። የትኛውን ልስጥሽ? ሁለቱንም አልሰጥም አልኩ።»

እማዬ ጥግ ላይ ቆማ ፎጣውን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ?»

«ሁሉም። ስትመጪ ሁሌም አንዷ ከኋላዬ ትቆም ነበር። እንዳልወድቅ።»

ሁሉም ያውቃሉ። ከእኔ በስተቀር። ሰው ሁሉ ተማክሮ ከእኔ የሸሸገው… እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?

መጋቢት 3

«አሁን ንገሪያቸው» ብላኛለች ቁንዶ። «ምክትሌን ዓመት ሙሉ አሠልጥኛታለሁ። መጥተው ይዩዋት።»

ለአለቃዬ ነገርኩት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ።

«አታልላናለች» አለ።

«አላታለለችንም። ፈርታን ነው።»

«እኛ ምን ያስፈራል? የምንሰጥ ሰዎች ነን።»

«የምንሰጥ ስለሆንን ነው የምናስፈራው።»

ክፉ ሰው አይደለም። «ውሉን አላፈርስም» አለ። «ግን ሌላ ሰው ይሄዳል፣ ምክትሏን ያያል። አንቺ ከዚህ ጉዳይ ውጪ። ጓደኛዋ ነሽ፣ ቀድሞም መያዝ አልነበረብሽም።»

ጉዳዩን ወሰዱብኝ። ከፍቶኝ መውጣት ነበረብኝ። ደረጃውን ስወርድ ግን ትከሻዬ ቀለለኝ… ከዛሬ ጀምሮ ለቁንዶ ማንም አይደለሁም። ጓደኛዋ ብቻ።

መጋቢት 19

ከሥራ እንደወጣሁ እሷ ጋ ነኝ በየቀኑ። እግሯን እቀባላታለሁ። ነርስነቴ እጄ ላይ አለ፣ አልጠፋም። «ቢሮ አበላሸሽ እንጂ ጥሩ ነርስ ይወጣሽ ነበር» አለችኝ።

ዛሬ ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርጋት አወራን። መኝታ ቤታችን ውስጥ ደብቀን ስላሳደግናት ድመት። እሷ በማለፊያ ፈተና ቀን እንቅልፍ ጥሏት በፒጃማ ስለሮጠችው ሩጫ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

«ታውቂያለሽ» አለች፣ «ያጣሁሽ የታመምኩ ቀን አይደለም። ሹመቱን ያገኘሽ ቀን ነው። ደስ ብሎኝ አበባ ገዝቼ መጣሁ፤ ስመለስ መንገድ ላይ… እንግዲህ ከእሷ ጋር መጣላት አልችልም ብዬ አሰብኩ።»

«መጣላት?»

«ጓደኛ ማለት የምትጣዪው ሰው ነዋ።»

ዛሬ ማታ ስለ ትራሱ አቀማመጥ ሆን ብዬ ተጣላኋት። ደስ አላት።

ሚያዝያ 8

ንጋት ላይ አረፈች። እማዬ እጇን ይዛ ነበር። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር… ውኃ ልቀዳ።

ሚያዝያ 9

ተቀበረች። የተፈቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ እየጎተቱ መጡ። ያ ካቴና ይዞ የሚያንጎላጀው ጠባቂም መጥቶ ከኋላ ቆሞ ያለቅሳል።

ለቅሶ ቤት ስገባ ከማኅበሩ ሴቶች ሦስቱ ብድግ አሉ። «ኧረ እባካችሁ ተቀመጡ» ብላቸው ማን ሊሰማኝ። ከፊት የተለየ ወንበር አመጡልኝ፣ ትራስ ያለው። እማዬ ከቁንዶ እህት ጎን፣ መሬት ላይ፣ ከቤተ ዘመዱ ጋር ተቀምጣለች። እኔ እንግዳ ወንበር ላይ። «ከመሥሪያ ቤቱ ነው የመጡት» ሲል ሰማሁ አንዱ ለሌላው።

ተነስቼ እማዬ ጎን ልቀመጥ ፈለግኩ። ብነሳ ሁሉም ተከትለው ሊነሱ ሆነ። አልተነሳሁም። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ጓደኛዬን አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ።

ሚያዝያ 27

ከእማዬ ጋር ከቀብሩ ወዲህ በደንብ አልተነጋገርንም። «ብይ»፣ «በላሁ»… በቃ። ዛሬ ፈነዳሁ።

«እንዴት ቻልሽ? አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን!»

«አስምላኝ ነው።»

«መሐላውን ብታፈርሺ ምን ነበረበት?»

«አንቺ ነበርሽበት» አለች። «አንድ ቀን ‹እማማ፣ ልጅሽ ከእኔ እና ከእንጀራዋ እንድትመርጥ አላደርጋትም› አለችኝ። እናት ነኝ። ለአንቺ ስትል ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሌላ ምን ላድርግ?»

አቀፍኳት። እሷም የወለደችውን ያህል የምትወዳትን ልጅ ነው የቀበረችው። ይሄን እስከዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።

ሰኔ 14

ለቦርዱ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ውሎቻችን ላይ እንዲህ የሚል ይግባ፦ የማኅበር መሪ ቢታመም ድጋፉ በዚያ ምክንያት አይቆምም፤ ምትክ እስኪዘጋጅ መሥሪያ ቤቱ ያግዛል።

«ይሄ ሐዘንሽ ነው የሚናገረው» አለኝ አለቃዬ፣ ከመግባታችን በፊት፣ በቀስታ።

«ይናገር» አልኩት።

ሦስት ጊዜ አከራከረ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

መስከረም 18

ሐሳቤ ጸደቀ። የቁንዶን ማኅበርም ምክትሏ እንድትመራው ተፈቅዷል። ከባልደረባዬ ነው የሰማሁት። ጉዳዩ ከእጄ ስለወጣ ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ሰው የለም… እንደዚያም ነው መሆን ያለበት።

ጥቅምት 5

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡ። መንገድ ላይ ለሚያድሩ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ አቋቁመዋል። ውሉን መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። «መሪው ቢታመም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይቅርታ… እስቲ እሱን ይድገሙልኝ።»

ደገምኩት።

«ወረቀቱ ላይ አለ? ወይስ በአፍ ነው?»

ወረቀቱን አዙሬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎ» አሉ። «ለልጆቼም አልነገርኩም።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ነገሩኝ። ሲጨርሱ መጠለያውን ለማን እንደሚያስረክቡ፣ ማን እንደሚያግዛቸው ተማከርን። ታክሲ እስኪያገኙ አብሬያቸው ቆምኩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ቀለለኝ» አሉ።

ራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። መሃል ላይ ግን «ያ ቃል ውሉ ላይ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ…» አልኩና ቀረ።

እማዬ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«ቀድሞ ቢኖርማ» አለች፣ «ሾርባውን ይዘን አብረን ነበር የምንሄደው።»