ዩኒፎርም ስለለበሰው በርና ስላልተመለሰው ቀይ እስክሪብቶ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ለአቶ ጌዲዮን
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የራስዎን፣ የቤተሰብዎንና ከእጅዎ የማይለየውን ማኅተም ጤንነት እየጠየቅሁ፣ አንዲት ጥፋቴን በታላቅ ትሕትና እናዘዛለሁ፦ የቲቸር ሊሻን ቀይ እስክሪብቶ እኔ ዘንድ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን የሰባ ሁለት ተማሪ ደብተር ብቻቸውን ማረም ስለማይችሉ፣ እስክሪብቶአቸውን በተራ እየሰጡ እርስ በርስ ያስተራርሙናል። በተራዬ ወሰድኩት፤ አልመለስኩትም። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. ለእንግዶች አቀባበል በገዛ እጅዎ በእንግሊዝኛ ጽፈው ስለለጠፉት ማስታወቂያ እናመሰግናለን። ገላጭ ሐረግ ከባለቤቱ አጠገብ ካልተቀመጠ ያገኘው ላይ ይለጠፋል ብለው ቲቸር ሊሻን ወር ሙሉ ሲያስረዱን ያልገባን ሰዎች፣ በእርስዎ አንድ ገጽ ገባን። እንደ እርስዎ አቀማመጥ ዩኒፎርም ለብሶ እንግዳ የሚቀበለው የግቢው በር ነው፤ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልለው የሚቀርቡትም ዓሣዎቹ ሳይሆኑ እንግዶቹ ናቸው። እንግዶቹ ይህ ሁሉ ታስቦላቸው፣ የጎረቤታችንን የጫኖ መንደር ሙዝ ተሸክመው በሰላም መመለሳቸው የጌታ ቸርነት ነው።

2. በዚያው ጠዋት ማስታወቂያው በቀይ ታርሞ፣ ከሥሩም 4/10 ተጽፎበት፣ እንግዶቹ ፊቱ ቆመው ሲሳሳቁ፣ እርስዎ ላደረጉት ፈጣን ምርመራም ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቀይ እስክሪብቶ የሚይዝ መምህር ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያርም ቲቸር ሊሻን ብቻ ናቸው፤ በቃ አለቀ። ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር መሆኑን በሰልፍ ላይ፣ በሰው ፊት እሳቸውን እየገሠጹ አስተማሩን። እሳቸውንም ከክፍል አንሥተው የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ያዥ አደረጓቸው።

3. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የስፖርት መምህሩን ስለተኩልንም እናመሰግናለን። እንግሊዝኛን ቁጭ ብድግ እያልን እየተማርን ነው።

4. ይህኛው ምስጋና አይደለም። እርስዎ ለመምህራችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጡ ከቢሮዎ መስኮት ሥር፣ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ነበርኩ። ቲቸር ሊሻን ሁለት ዓመት ደብተሬን አንብበዋል፤ አራት ቁጥሬ የተገለበጠ ወንበር እንደሚመስል ያውቃሉ። በቀይ የታረመውን ማስታወቂያ እስከ ሥሩ፣ እስከ አራቷ ድረስ አዩት። ከዚያ ስሜን ሳያነሡ ማስጠንቀቂያው ላይ ፈረሙ። እኔ ከፈተና እንዳልቀር ነው የፈረሙት። ከዚያን ቀን ወዲህ የምሳ ሰዓቴን ቤተ መጻሕፍት ነው የማሳልፈው።

ስለዚህ ቲቸር ሊሻንን ሰኞ ወደ ክፍላቸው እንዲመልሱልን እየለመንኩ፣ አራቱን የሰጠሁት እኔ መሆኔን አስታውቃለሁ።

ለእርስዎ ካለኝ፣ መስኮት ሥር ቆሞ ከሚያዳምጥ አክብሮት ጋር፣
ከአንድ ተማሪዎ

ግልባጭ፦
ዩኒፎርም ለብሶ ለሚጠብቀው በር

ማስታወሻ፦ አራቱም ለእጅ ጽሕፈትዎ ውበት የተሰጠ ነው። ከላይ፣ በፊርማው ቦታ ስሜን ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ደብዳቤውን የምጽፈው በዚያው በቀይ እስክሪብቶ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ቲቸር ሊሻን ቁልፎቻቸው እየተንቃጨሉ ወደ እኔ እየመጡ ነው፤ እስክሪብቶአቸውንም አይተውታል። እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀስ ብለው፣ «አቢጋኤል» አሉኝ።

ስሜ እንግዲህ እሱ ነው።