በሕይወታቸው ግማሽ ሲጋር ብቻ ያጨሱት የአቶ ጨመዳ ቢራቱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጨመዳ ቢራቱ ከአባታቸው ከአቶ ቢራቱ ጂሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ ጉደታ በሐምሌ ወር 1950 ዓ.ም. ከነቀምቴ ብዙም በማትርቀው በጉቴ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ያደጉበት ቤት ትምባሆም አልኮልም የማይገባበት ቤት ነው። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ፣ ከገበያ አብሯቸው የሚመጣ እንግዳ እንኳ ሲጃራውን ከአጥር ውጭ አጥፍቶ ይገባ ነበር። አቶ ጨመዳ ከልጅነታቸው ጀምሮ አፍንጫቸው የተለየ ነበር። እናታቸው ቅቤ ለመግዛት ሲወጡ እሳቸውን ያስከትሉ የነበረው፣ ሻጭ አዲስ ነው ብሎ ያቀረበውን የቆየ ቅቤ ገና ቅጠሉ ሳይገለጥ ስለሚለዩት ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጉቴ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ እስከ አሥረኛ ክፍል በነቀምቴ ተከታተሉ። በ1968 ዓ.ም. አባታቸው በሞት ሲለዩ፣ እናታቸውንና ታናናሾቻቸውን ለመርዳት ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በአንድ ትልቅ ሆቴል በዕቃ አጣቢነት ተቀጥረው፣ በዓመቱ የመመገቢያ አዳራሹ አስተናጋጅ ሆኑ።

የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ተድላ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከኩባ የሚመጡ እንግዶች ይበዙ ስለነበር ሲጋር የሚባለው፣ ከትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው ወፍራም ሲጃራ ከእነሱ ጋር ሆቴሉ ገባ። አገርኛ ባለሥልጣናትም ለመዱት። የትኛው ሲጋር ከየትኛው ምግብና መጠጥ ጋር እንደሚሄድ በሆቴሉ ውስጥ የሚያውቁት አቶ ተድላ ብቻ ነበሩ። አቶ ጨመዳ ገና ዕቃ አጣቢ ሳሉ አንድ ቀን ወጥ ቤት ቆመው፣ ክዳኑ የተዘጋ ድስት ውስጥ ያለው ሥጋ ሊያር መሆኑን ሲናገሩ አቶ ተድላ ሰሟቸውና ጠሯቸው። "ይህን አፍንጫ ዕቃ ላይ አናባክነውም" አሏቸው።

አቶ ጨመዳ የአማኝ ልጅ መሆናቸውን፣ እንደማያጨሱና እንደማይጠጡ በፍርሃት ተናገሩ። አቶ ተድላም "ማሽተት ሌላ፣ ማጨስ ሌላ። እኔ የምፈልገው የመጀመሪያውን ነው" ብለው አረጋጓቸው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ደረቁን ቅጠል፣ ብርጭቆውንና ሳህኑን እያፈራረቁ በማሽተት ተማሩ። ቀለሙ ነጣ ያለ ሲጋር ለጠዋት እንደሆነ፣ ከወተት ቡናና ቅቤ ከተቀባ ዳቦ ጋር እንደሚስማማ፤ ጠቆር ያለው ከተጠበሰ ሥጋ በኋላ ሩም ከሚባለው የቆየ የሸንኮራ አረቄ ጋር እንደሚቀርብ፤ ሎሚ የበዛበት ምግብ የትኛውንም ሲጋር መራራ እንደሚያደርግ፤ ሚጥሚጣ ለነካው ምላስ ደግሞ ውሃና ዳቦ ሰጥቶ መጠበቅ እንጂ ምንም ማቅረብ እንደማይገባ አወቁ። እንግዳው ምን እንደበላ ከትከሻው በላይ አሽትተው ሲጋሩን የሚመርጡበት ጊዜ መጣ።

ግንቦት 1971 ዓ.ም. በአዳራሹ የምሳ ግብዣ ነበር። ከሥጋው በኋላ አቶ ተድላ ሲጋሩን መረጡ፤ አቶ ጨመዳ ሩሙን ቀዱ። በክብር ወንበር የተቀመጠው ባለሥልጣን ሲጋሩን ግማሽ ያህል እንዳጨሰ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከወንበሩም ወደቀ። ከጠባቂዎቹ አንዱ "ተመርዟል" አለ። የአዳራሹ በሮች ተዘጉ። አቶ ተድላና አቶ ጨመዳ የአስተናጋጅ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ በሁለት መኪና ተወሰዱ። አቶ ጨመዳ ያኔ ሃያ አንድ ዓመት አልሞላቸውም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ወደ አንድ ክፍል አስገቧቸው። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የነደደው ሲጋር፣ የሩሙ ጠርሙስና አንድ ብርጭቆ ተቀምጧል። መርማሪው ጠየቃቸው።

"ይህን ያቀረብከው አንተ ነህ?"

"መጠጡን የቀዳሁት እኔ ነኝ።"

"መርዝ የለበትም ትላለህ?"

"እኔ ምንም አልጨመርኩም።"

"እንግዲያው ጨርሰው።"

አቶ ጨመዳ ከዓመታት በኋላ እንደተናገሩት፣ በዚያች ደቂቃ ያስጨነቃቸው መርማሪው የያዘው ሽጉጥ አልነበረም። እሳቸው ምንም እንዳልጨመሩ ያውቃሉ፤ ሌላ ሰው ጨምሮ እንደሆነስ? ከወጥ ቤቱ እስከ አዳራሹ ስንት እጅ አለ? ሲጋሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ያ ሁሉን የሚለይ አፍንጫ በፍርሃት ደርቆ ምንም አልነገራቸውም። ክብሪቱን መጫር ስላቃታቸው መርማሪው ራሱ ለኮሰላቸው። እያሳሉ፣ እያስመለሱ፣ እንደገና እያነሱ እስከ መጨረሻው አጨሱት። ብርጭቆውንም ጨለጡ። ከዚያም ይሞቱ እንደሆነ ለማየት ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከፊት ለፊታቸው ሰዓት ተሰቅሎ ነበር። ልባቸው በመታ ቁጥር መርዙ ደረሰ እያሉ፣ እጃቸው በደነዘዘ ቁጥር ይኸው መጣ እያሉ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሞታቸውን ጠበቁ።

ባለሥልጣኑን የጣለው የስኳር በሽታው እንደነበረ በሐኪም ታወቀ፤ ዳነም። አቶ ጨመዳ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተለቀቁ። ይቅርታ ያላቸው የለም። ስለ አቶ ተድላ ሲጠይቁ በር ላይ የቆመው ወታደር "ዕድልህን አትፈታተን፣ ሂድ" አላቸው። አቶ ተድላ አልተመለሱም። የት እንደደረሱም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አቶ ጨመዳ በ1972 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ተመልሰው ከመናኸሪያው በላይ ባለ አንድ ሻይ ቤት ሥራ ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. ከጉራጌ መጥተው በከተማዋ ሱቅ ከከፈቱ ቤተሰብ ከተወለዱት ከወይዘሮ ወለቴ ሚናስ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ሜቲ፣ ፊራኦልና ሶረቲ የሚባሉ ሦስት ልጆች አፈሩ። ባልና ሚስቱ ተጋግዘው የከፈቱት ምሳ ቤት ለሃያ ስድስት ዓመት የመምህራን፣ የሾፌሮችና ከአኖና ከቢላ ከተሞች የሚመጡ ነጋዴዎች ማረፊያ ሆኖ አገልግሏል።

ልጆቻቸው የሚያስታውሷቸው አፍቃሪ፣ ቀልደኛ፣ ግን ፈሪ አባት አድርገው ነው። ይህን መናገር አያሳፍርም። መኪና በር ላይ ሞተሩን ሲያጠፋ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ያስቀምጡ ነበር። የማያውቁት ሰው በስማቸው ከጠራቸው እስኪያልባቸው ድረስ ይደነግጡ ነበር። የልጆቻቸውን ውሃ ራሳቸው ሳያሸቱ አይሰጡም። ምክንያቱን ሲጠየቁ "እንዲሁ ነው" ብቻ ይሉ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. አቶ አዱኛ የተባሉ ባለሀብት በነቀምቴ ሆቴል ከፈቱ። ቡና ሊገዙ የሚመጡ የውጭ እንግዶች ሲጋር ይጠይቁ ስለነበር፣ አስተናጋጆቹን የሚያስተምር ሰው ፈለጉ። የአቶ ጨመዳን የድሮ ሥራ ከሰው ሰምተው ቤታቸው ድረስ መጡ። አቶ ጨመዳ ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ። ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ እህል አልበላ ስላላቸው ወይዘሮ ወለቴ አጥብቀው ጠየቋቸው፤ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራቸው አቶ ጨመዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው።

"እኔ የማውቀው ነገር ሰው ገድሏል" አሉ አቶ ጨመዳ።

ወይዘሮ ወለቴም "የሜቲ አባት፣ ሰውየውን የወሰዱት ሰዎች ናቸው። ያስተማረህ ነገር ምን አደረገ?" አሏቸው። "ይልቅ ለማንም ሳትነግረው ብትሞት ተድላ ሁለተኛ ጠፋ ማለት ነው።"

በማግስቱ ለአቶ አዱኛ እሺታቸውን ሰጡ። አንድ ነገር ግን አስፈረሙ፤ ማንም ሠራተኛ እንዲያጨስ ወይም እንዲቀምስ እንዳይገደድ። ስምንት አስተናጋጆችን በማሽተት ብቻ አስተማሩ። ከአቶ ተድላ ያገኙት ላይ የወለጋን ጨመሩበት። ለስላሳውን ሲጋር ከማር ጠጅ ጋር፣ ጠቆር ያለውን በቅቤ ከተጠበሰ የቡና ፍሬ ጋር አቀረቡ። ከክትፎ በኋላ አይብ አስቀምሶ እንግዳውን ማዘግየትን ከሚስታቸው ቤተሰብ ወሰዱ። የውጭ አገር እንግዶች ተደንቀው ጨብጠዋቸዋል። እሳቸው ግን በተጨበጡ ቁጥር በሩን ያዩ ነበር።

በከተማው ወሬ ተነሣ። በ2011 ዓ.ም. የማኅበረ ምዕመናኑ ሽማግሌዎች ጠሯቸው። ከኅብረቱ እንዳያስወጧቸው ሠግተው፣ ወይዘሮ ወለቴን አስከትለው ሄዱ። ቄስ ፈየራ "ኦቦ ጨመዳ፣ ያጨሳሉ ይባላል። እውነት ነው?" ሲሏቸው "አንድ ጊዜ አጭሻለሁ" ብለው ጀመሩ፤ ያንን ክፍልና ያንን ሰዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "አርባ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?" ብለው ጠየቁ። "ፈርቼ" አሉ አቶ ጨመዳ። ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የለም። ቄስ ፈየራ ተነሥተው ጸለዩላቸው። ሥራቸውንም ቀጠሉ።

በ2014 ዓ.ም. መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልክ በማይሠራበት ሰሞን፣ ሆቴሉ ባዶ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መሣሪያ የታጠቁ ሁለት ሰዎች ገብተው ተቀመጡ። ማን እንደነበሩ ዛሬም አይታወቅም። ከበሉ በኋላ አንደኛው ሲጋርና መጠጥ አዘዘ። ተረኛዋ ቲቲ የምትባል አስተናጋጅ ነበረች፤ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። አቶ ጨመዳ ተቀበሏትና "አንቺ ወጥ ቤት ቆዪ" አሏት። ራሳቸው አቀረቡ። ሰውዬው ሲጋሩን አገላብጦ አየው።

"መጀመሪያ አንተ አጭሰው" አላቸው።

ቲቲ ከወጥ ቤቱ በር ሆና እንደምትናገረው፣ አቶ ጨመዳ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዘው ቆሙ። እንዲህም አሉ፦

"ልጄ፣ በጣም እፈራሃለሁ። ግን አላጨስም። አንድ ጊዜ አስጨርሰውኛል፤ ሁለተኛ አላደርገውም።"

ሰውዬው ጠመንጃውን ከጭኑ ላይ አነሣ። ጓደኛው በአፋን ኦሮሞ "ተወው፣ ሽማግሌ ነው" አለው። ሰውዬው አቶ ጨመዳን አይቶ አይቶ ሲጋሩን ኪሱ ከተተና ከጓደኛው ጋር ወጣ። አቶ ጨመዳ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቲቲ ውሃ ስታመጣላቸው፣ ሳያሸቱ ጠጡት። በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጉሮሮአቸውን ያማቸው ጀመር። ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ሲመረመሩ ሐኪሙ "ስንት ዓመት አጭሰዋል?" ብሎ ጠየቃቸው። "ግማሽ ሲጋር፣ በሰባ አንድ" ብለው መለሱ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አይቷቸው፣ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። በሽታቸው በትምባሆ የመጣ ነው ተብሎ እንደሚወራ ያውቁ ስለነበር፣ ይህ ታሪክ ሳይሸራረፍ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ለሴት ልጃቸው ለሜቲ ራሳቸው አዘዋል። የአቶ ተድላ ስምም በጉባኤው ፊት እንዲጠራ ፈልገዋል፤ እነሆ ተጠርቷል።

በመጨረሻው ሳምንት ቄስ ፈየራ ሊጠይቋቸው መጥተው "ኦቦ ጨመዳ፣ ፈርተዋል?" አሏቸው። ድምፃቸው አልቆ ስለነበር በሹክሹክታ "አዎ፣ ፈርቻለሁ" አሉ። ቄሱ ሊያነቡ ያዘጋጁትን ቃል ከፈቱ። አቶ ጨመዳ ግን መጽሐፉን በእጃቸው ከድነው "አያንብቡ። ዝም ብለው አጠገቤ ይቀመጡ። ያን ጊዜ ስጠብቅ ብቻዬን ነበርኩ" አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ፣ ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተራ ገብተው፣ አንድም ሰዓት ብቻቸውን ሳይተዉአቸው ተቀመጡ።

አቶ ጨመዳ ቢራቱ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በነቀምቴ በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ወይዘሮ ወለቴ በባላቸው ቋንቋ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ፣ ሁላችንም አለን" እያሉ እጃቸውን ይዘው ነበር።

አቶ ጨመዳ የአንዲት ሚስት ባል፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አንድ ወንድምና ሁለት እህቶችም ትተው አልፈዋል። ለጠየቃችሁ፣ አብራችሁ ለተቀመጣችሁ፣ ዛሬም ከሩቅ ከቅርብ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም ማንንም በማያስፈራበት ስፍራ ይቀበል፤ ለወይዘሮ ወለቴና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። አሜን።